የቀሩበትን እርከን መፈለግ፦ በአሜሪካ ኩባንያዎች ነጭ ያልሆኑ ሴቶችን የሥራ ዕድገት ለማጥናትና ለማራመድ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአሜሪካ ኩባንያዎች ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፣ አጥኚ ወይም የሥራ ክፍል ኃላፊ ለሆኑና ጥቁር፣ ላቲና (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላት)፣ እስያዊትና የቀደምት አሜሪካውያን ተወላጅ ሴቶች ከፍተኛ አመራር ላይ ለምን እንደማይታዩ አጥንተው መፍትሔ እንዲያቀርቡ ለተጠየቁ ሰዎች ነው። እነዚህን ሴቶች በአንድነት የሚጠራው የእንግሊዝኛ አጠራር ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቀለም ያላቸው» የሚል የማይጨበጥ ሐረግ ስለሚሆን፣ እዚህ «ነጭ ያልሆኑ ሴቶች» የሚለውን እጠቀማለሁ። ሰውን ባልሆነው ነገር መጥራት ደስ ባይልም ቢያንስ ማን እንደተባለ ግልጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አቆጣጠሩን ማስተካከል

ብዙ ኩባንያዎች ሴቶችን በአንድ ሠንጠረዥ፣ ዘርን በሌላ ሠንጠረዥ ቆጥረው ሁለቱም መልካም መሆናቸውን ያበስራሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል 200 ሥራ አስኪያጆች ያሉትን ኩባንያ እናስብ። ከእነዚህ ውስጥ 80ዎቹ ሴቶች፣ 60ዎቹ ደግሞ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው እንበል። ሴቶች 40 በመቶ፣ ነጭ ያልሆኑት 30 በመቶ ስለሆኑ ዓመታዊ ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል። ይሁንና ከ80ዎቹ ሴቶች አብዛኞቹ ነጮች፣ ከ60ዎቹ ነጭ ያልሆኑ ሥራ አስኪያጆችም አብዛኞቹ ወንዶች ከሆኑ፣ ሁለቱንም የሆኑት ሴቶች 14 ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህም 7 በመቶ ነው። ሁለቱ ያማሩ ቁጥሮች ሦስተኛውን ይሸፍኑታል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ የታወቀ ክስ አለ። ኤማ ደግራፈንሪድና ሌሎች አራት ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን በከሰሱበት መዝገብ ላይ በሚዙሪ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1976 ውሳኔ ሰጠ። ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች፣ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ በሚለው የአገልግሎት ዘመን ደንብ መሠረት በተደረገ ቅነሳ ሥራቸውን አጥተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ኩባንያው ሴቶችን (ማለትም ነጭ ሴቶችን) ሲቀጥር ስለቆየ የጾታ አድልዎ የለም አለ፤ የዘሩ ጉዳይም ጥቁር ወንዶች ካቀረቡት ሌላ ክስ ጋር ቢታይ ይሻላል ብሎ «ጥቁር ሴቶች» የሚባል አዲስ ምድብ ለመፍጠር ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን ውሳኔ መነሻ አድርገው፣ ዘርና ጾታ ተነጣጥለው ሲታዩ በመገናኛው ላይ የቆመችው ሴት እንዴት ከሁለቱም እንደምትወድቅ አስረዱ። በመካከሉ በ1980 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ ላይ፣ ጥቁር ወንዶችና ነጭ ሴቶች ባይበደሉም እንኳ ጥቁር ሴቶች ለብቻቸው ሊበደሉ እንደሚችሉ ተቀብሎ ነበር። የኩባንያው ሪፖርት ዛሬም በሁለት ሠንጠረዥ የሚዘጋጅ ከሆነ አስተሳሰቡ ከ1976ቱ ውሳኔ እልፍ አላለም ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ እያንዳንዱን የሥራ እርከን በረድፍ፣ ዘርንና ጾታን ያጣመሩ ምድቦችን ደግሞ በዓምድ አድርገው አንድ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። «ነጭ ያልሆኑ ሴቶች» የሚለው የወል ስም በሩን ለመክፈት ይጠቅማል፤ ከገቡ በኋላ ግን መልሰው መለያየት ይኖርብዎታል። ማኪንሲ የተባለው የአማካሪ ኩባንያና ሊን ኢን የተባለው የሴቶች ድርጅት ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያወጡት ጥናት የ2024ቱ ዕትም ላይ፣ ከጀማሪ ሠራተኛነት ወደ መጀመሪያው ሥራ አስኪያጅነት ካደጉት 100 ወንዶች አንጻር ያደጉት እስያውያን ሴቶች 99፣ ነጭ ሴቶች 89፣ ላቲናዎች 65፣ ጥቁር ሴቶች ደግሞ 54 ነበሩ። እነዚህን አራት ቁጥሮች በአንድ አማካይ የጠቀለለ ሰው የጥቁር ሴቶችን ችግር አለዝቦ፣ እስያውያን ሴቶች ከዚያ በላይ ባሉት እርከኖች የሚገጥማቸውን ግርዶሽ ደግሞ ጭራሽ ሳያየው ያልፋል።

መረጃው ከየት ይገኛል

በአሜሪካ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት የግል አሠሪ በየዓመቱ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ኢኢኦ-1 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ያቀርባል። ቅጹ ሠራተኞችን በ10 የሥራ ምድቦችና በ7 የዘርና የብሔር ምድቦች ከጾታ ጋር አጣምሮ ስለሚከፋፍል፣ የሚፈልጉት የተጣመረ ቆጠራ በኩባንያው መዝገብ ውስጥ ቀድሞም አለ። «እንዲህ ያለ መረጃ የለንም» የሚል መልስ ከተሰጠዎ የተሞላውን ቅጽ ቅጂ ይጠይቁ። ከውጭ ሆነው የሚያጠኑ ከሆነ ግን ኮሚሽኑ የአንድን ኩባንያ ቅጽ ለሕዝብ እንዳይገልጽ ሕጉ ስለሚከለክለው፣ በኢንዱስትሪና በግዛት ተጠቃልሎ የሚወጣውን መረጃ እንዲሁም ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ያወጡትን ቅጽ መጠቀም ይኖርብዎታል። አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ለዋስትና ሰነዶችና ገበያ ኮሚሽን የሚያስገቧቸው ዓመታዊ ሪፖርቶችና የባለአክሲዮኖች ስብሰባ መግለጫዎች ኤድጋር በሚባለው የመረጃ ቋት በነፃ ይገኛሉ። የዳይሬክተሮችንና የከፍተኛ ኃላፊዎችን ስም ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ዘርን ከስምና ከፎቶግራፍ መገመት ግን አይገባም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ያልገለጹትን ባዶ ይተዉት።

ኢኢኦ-1 ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው፣ «የመጀመሪያና የመካከለኛ እርከን ኃላፊዎች» የሚለው ምድብ በጣም ሰፊ ስለሆነ አነስተኛ ቡድን የሚመራን ሰውና መቶ ሚሊዮኖች የሚያንቀሳቅስን የዘርፍ ኃላፊ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ ቅጹ በዓመቱ የመጨረሻ ሩብ ውስጥ ከተመረጠ አንድ የደመወዝ መክፈያ ወቅት የተነሣ ፎቶግራፍ በመሆኑ ማን እንደገባ፣ ማን እንዳደገ፣ ማን እንደለቀቀ አይናገርም።

ከድርሻው ይልቅ ፍሰቱን መከተል

በላይኛው እርከን ላይ ስንት ነጭ ያልሆኑ ሴቶች አሉ የሚለው ጥያቄ ለዜና ይመቻል። በዚያው የ2024 ጥናት መሠረት ከፍተኛውን አመራር ከያዙት መካከል ሴቶች በጠቅላላው 29 በመቶ፣ ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ደግሞ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ይህ ቁጥር ከብዙ ዓመታት በፊት የተደረጉ ውሳኔዎች ድምር ስለሆነ የት ላይ እጅዎን ማስገባት እንዳለብዎ አይነግርዎትም። መለካት ያለበት በእያንዳንዱ እርከን መሻገሪያ ላይ ለዕድገት ብቁ ከነበሩት ውስጥ ስንቱ አደጉ፣ ለማደግስ ስንት ወር ጠበቁ፣ ሳያድጉ የለቀቁት ስንት ናቸው የሚለው ነው።

ትንሽ የሚመስል ልዩነት ሲደራረብ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። በአራት ተከታታይ እርከኖች ላይ የአንድ ቡድን የማደግ ዕድል ከሌላው 80 በመቶ ቢሆን፣ ከአራተኛው እርከን በኋላ የሚቀረው ከሌላው ቡድን አንጻር 41 በመቶ ብቻ ነው። በማንኛቸውም እርከን ላይ አድልዎ ነው ተብሎ የሚጮህበት ነገር ሳይፈጸም ላይኛው ፎቅ አንድ ዓይነት ሰዎች የሚሞሉት በዚህ ስሌት ነው።

አሁን ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሰው ይመልሱት። በአንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅነት ብቁ ከነበሩት 300 ነጭ ወንዶች 45ቱ፣ ከ60 ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ደግሞ 5ቱ አደጉ እንበል። የመጀመሪያው 15 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው ከ8 በመቶ ጥቂት ይበልጣል። ሴቶቹ በእኩል መጠን ቢያድጉ ኖሮ 9 ይሆኑ ነበር። ጉድለቱ አራት ሰው ነው ማለት ነው። ለአመራር ስብሰባ «የማካተት ክፍተት አለብን» ብሎ ከመናገር «በዚህ ዓመት አራት ሰው ጎድሎናል» ማለት እጅግ የተሻለ ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አራት ሰው ለመፍትሔ የማይመች ስፋት የለውም፣ ማንም ደግሞ «ይህ የኅብረተሰቡ ችግር ነው» ብሎ ሊያመልጥበት አይችልም። እርግጥ ነው፣ በ60 ሰው ላይ የአንድ ዓመት ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል የሦስት ወይም የአራት ዓመት መረጃ ደምረው ይመልከቱ። ቁጥራቸው በጣም ያነሰ ምድቦችን፣ ለምሳሌ የቀደምት አሜሪካውያን ተወላጅ ሴቶችን፣ በመቶኛ ከማስላት ይልቅ እያንዳንዱን የሥራ ጉዞ ለብቻው ማንበብ ይሻላል።

ቀጥሎ ማን ብቁ ተባለ የሚለውን ይመርምሩ። ብቁ የሆኑትን የሚወስነው ዝርዝር ራሱ የአለቃ ጥቆማ ከሆነ አድልዎው ከቆጠራዎ በፊት ተፈጽሞ ያልቃል። የማርያን በርትራንድና የሴንድሂል ሙላይናታን የ2004 ጥናት ይህን ከቅጥሩ በር ላይ ያሳየ ነው። በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ ማመልከቻዎች ተልከው፣ የሥራ ልምዱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የነጭ ስም የሚመስል ስም የያዙት የጥቁር ስም ከሚመስለው 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አግኝተዋል።

ሰዎችን መጠየቅ፣ ወረቀትንም ማንበብ

ቁጥሩ የት እንደተሰበረ ይነግራል፤ እንዴት እንደተሰበረ ግን የሚናገሩት ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ሴቶቹን ብቻ መጠየቅ ነው። ያላደገ ሰው ያልተነገረውን ነገር ሊያውቅ አይችልም፤ ምስጢሩ ያለው ያደጉት ሰዎች ዘንድ ነው። ስለዚህ ያደጉ ነጭ ወንዶችንም በተመሳሳይ ጥያቄዎች ያነጋግሩ፦ ክፍት ቦታ መኖሩን ከማን ሰሙ? ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ኃላፊነት የሰጠዎ ማን ነው፣ በምን አጋጣሚ? ያ ሥራ ሲበላሽ ምን ሆነ? የጥያቄዎቹ ዓላማ ስሜትን ሳይሆን የተፈጸመን ድርጊት ማውጣት ነው። «የተገለሉ ይመስልዎታል?» የሚል ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ይዞ ሲመለስ፣ «ባለፈው ዓመት ከክፍልዎ ኃላፊ በላይ ካለ ሰው ጋር ስንት ጊዜ ተነጋገሩ?» የሚለው ግን ሊነጻጸር የሚችል መልስ ይሰጣል።

ምስጢር አጠባበቁን በጥብቅ ያስቡበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቸኛ ጥቁር ሴት ኢንጂነር የሆነችን ሰው ስሟን አጥፍቶ ማዕረጓን መጻፍ ስሟን እንደመጻፍ ነው። ቃለ መጠይቁን የሚያካሂደው ሰው የደመወዝና የዕድገት ውሳኔ የማይሰጥ፣ ቢቻል ከኩባንያው ውጭ የሆነ ይሁን፤ የሚወጣው ሪፖርትም ከተወሰነ ቁጥር በታች የሆነን ቡድን ለይቶ አይጥቀስ።

የሥራ አፈጻጸም ግምገማዎችን ደግሞ ስምና ጾታን የሚገልጹ ቃላትን አስወግደው ያንብቡ። አንዱ ሠራተኛ በሠራው ሥራ ሲመዘን ሌላዋ በጠባይዋ የምትመዘን ከሆነ ልዩነቱ በጥቂት ገጾች ውስጥ ይታያል። በተለይ ውድቀት እንዴት እንደተመዘነ ልብ ይበሉ። አሽሊ ሮዜትና ሮበርት ሊቪንግስተን በ2012 ባሳተሙት ሙከራ፣ የድርጅት ውድቀት ሲገጥም ጥቁር ሴት መሪ ከጥቁር ወንድም ሆነ ከነጭ ሴት መሪ ይልቅ ዝቅ ያለ ግምት እንደሚሰጣት አሳይተዋል። አማንዳ ሴስኮና ሞኒካ ቢየርናት ደግሞ በ2010 በሠሩት ጥናት፣ በቡድን ውይይት ላይ ጥቁር ሴቶች የተናገሩትን ተሳታፊዎች ከሌሎቹ በባሰ ሁኔታ ለሌላ ተናጋሪ እንደሚሰጡት አገኙ። ሁለተኛው ግኝት ርካሽ መፍትሔ አለው፤ በቃለ ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ማን እንዳመነጨው በስም መጻፍ ነው።

ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም

ችግሩ ከታወቀ በኋላ ኩባንያዎች ቶሎ የሚዘረጉት እጅ ወደ ሥልጠና ነው። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ ከ800 በላይ የአሜሪካ ድርጅቶችን የሦስት ዐሥርት ዓመታት መረጃ መርምረው በ2016 እንዳቀረቡት፣ ለሥራ አስኪያጆች አስገዳጅ የብዝኃነት ሥልጠና ከጀመሩ ከአምስት ዓመት በኋላ በነዚህ ድርጅቶች የጥቁር ሴት ሥራ አስኪያጆች ድርሻ ከነበረበት በአማካይ 9 በመቶ ቀንሷል። በአንጻሩ መደበኛ የመካሪነት መርሐ ግብሮች የጥቁር፣ የላቲናና የእስያዊት ሴቶችን ድርሻ ከነበረበት ከ9 እስከ 24 በመቶ ከፍ አድርገዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከኤሪን ኬሊ ጋር በ2006 ባሳተሙት ቀደም ያለ ጥናት ደግሞ በ708 ተቋማት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያመጣው ኃላፊነቱን ለተወሰነ ሰው ወይም ኮሚቴ መስጠት ነበር፤ ተጠያቂ አካል ባለበት ሌሎቹ እርምጃዎችም ይበልጥ ይሠራሉ። የሁሉም ጉዳይ የተባለ ነገር የማንም ሳይሆን እንደሚቀር ማንኛውም ቢሮ የሠራ ሰው ስለሚያውቀው ግኝቱ ብዙ አይደንቅም፤ የሚደንቀው ይህ ከታወቀ ከብዙ ዓመታት በኋላም በጀቱ ወደ ሥልጠና አዳራሽ መፍሰሱ ነው።

መካሪን ከዋስ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። መካሪ ለሠራተኛዋ ምክር ይሰጣል። ዋስ የሚሆናት አለቃ ግን እርሷ በሌለችበት ስብሰባ ላይ የራሱን ስም አስይዞ «ይህን ሥራ ለእርሷ ስጧት» የሚል ሰው ነው። ዴቪድ ቶማስ በሦስት ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ አድርገው በ2001 ያቀረቡት ጥናት፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ከነጮቹ ዘግይተው መካከለኛው እርከን ላይ ከደረሱ በኋላ ፈጥነው እንደሚያድጉ፣ ከፍተኛ ቦታ የደረሱትም ከመነሻው ጀምሮ ሙያቸውን የሚያዳብርና የሚሟገትላቸው የሰዎች መረብ እንደነበራቸው አሳይቷል።

የኡርሱላ በርንስን መንገድ ይመልከቱ። በ1980 ዜሮክስ ውስጥ የክረምት ተለማማጅ ኢንጂነር ሆነው ገቡ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ዌይላንድ ሂክስ የተባሉ ከፍተኛ ኃላፊ የሥራ አስፈጻሚ ረዳት አድርገው ወሰዷቸው፤ በ1991 ደግሞ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የፖል አሌር ረዳት ሆኑ። ረዳትነት ለአንድ ኢንጂነር ወደ ጎን የመገፋት ያህል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትልልቅ ውሳኔዎች በሚደረጉበት ክፍል ውስጥ መቀመጫ ያገኙት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በቀጥታ ምርትንና ገቢን የሚመለከቱ ክፍሎችን መርተው በ2009 ፎርቹን 500 በሚባለው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ኩባንያ የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። ችሎታቸው ጥርጥር የለውም፤ ለመመሪያችን የሚጠቅመው ግን ችሎታው የታየው ከፍተኛ ኃላፊ በግልጽ ስለመረጣቸውና የመሩትም ሥራ ትርፍና ኪሳራ የሚቆጠርበት ስለነበረ መሆኑ ነው።

ይህንን ወደ አሠራር ሲለውጡ ሦስት ነገሮችን ያስተካክሉ። ለዕድገት የሚያበቁ ልዩ ሥራዎች በአለቃ ሹክሹክታ ሳይሆን ሁሉም በሚያየው ማስታወቂያ ይሰጡ፤ መስፈርቱም ተወዳዳሪዎቹ ከመታወቃቸው በፊት ይጻፍ። የእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ በዓመቱ ውስጥ ትርፍና ኪሳራ የሚቆጠርበትን ሥራ ለማን እንደሰጠ በስም ዝርዝር ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ያቅርብ። ድግስ ማሰናዳትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝንና አዲስ ሠራተኛን ማለማመድን የመሰሉ፣ ሁሉም የሚያመሰግናቸው ግን ማንም በዕድገት የማይቆጥራቸው ሥራዎች ደግሞ በተራ ይከፋፈሉ።

የሕጉ ወሰን

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል በዘርም ሆነ በጾታ ምክንያት ሰውን መቅጠርን፣ ማሳደግንና ማባረርን ይከለክላል፤ ክልከላውም ሁሉንም ወገን ይመለከታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 ኤምስ የተባሉ ሴት ባቀረቡት ክስ ላይ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያቀርብ አይገደድም ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የመንግሥት ሥራ ተቋራጮችን አካታች ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ከ1965 ጀምሮ ያስገድድ የነበረው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 11246 ደግሞ በጥር 2025 ተሽሯል። ስለዚህ ለአንድ ዘር ወይም ጾታ ብቻ የተከለለ የሥልጠና ዕድል ወይም ቋሚ ኮታ አያቅርቡ። ማስታወቂያውን፣ መስፈርቱን፣ ግምገማውንና የመካሪነቱን መርሐ ግብር ለሁሉም ክፍት አድርጎ ማስተካከል፣ ውጤቱንም በዘርና በጾታ አጣምሮ መከታተል ግን ይቻላል፤ ከላይ ያቀረብኋቸው እርምጃዎች በሙሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። ቆጠራውን ከመጀመርዎ በፊት የሥራ ሕግ ጠበቃ ቢያማክሩ ሰነዱ በኋላ በክስ እንዴት እንደሚታይ ያውቃሉ።

ለሠራተኛዋ ራሷ

አጥኚው የሚያቀርበው መፍትሔ እስኪደርስ ሠራተኛዋ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። የሠራችውን ሥራና ያስገኘውን ውጤት በየወሩ በቀንና በቁጥር ትመዝግብ፤ ለሚቀጥለው እርከን የሚያስፈልገውን መስፈርት በጽሑፍ ትጠይቅ፤ አለቃዋ «ገና ነሽ» ካላት ምን ሲሟላ እንደሚበቃ እንዲነግራት ታድርግ። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ስለ ደመወዝ መነጋገር፣ የኃላፊነት ቦታ ላይ ላልሆኑ የግል ድርጅት ሠራተኞች በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ መብት ነው። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የምትል ከሆነ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የምታቀርብበት ጊዜ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የግዛት ወይም የአካባቢ መሥሪያ ቤት ባለበት ደግሞ 300 ቀን ይሆናል። የኩባንያው የውስጥ ቅሬታ ሂደት ይህን ቀን አያስቆመውም። ብዙዎች መልስ ሲጠብቁ ጊዜው ያልፍባቸዋል።

ሁለተኛው ዓመት

ሠንጠረዡን በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው የእርከን ትርጓሜ እንደገና ይሥሩት። በመካከሉ መዋቅሩ ተለውጦ የሥራ መደቦች ስም ከተቀየረ፣ የድሮው እርከን ከየትኛው አዲስ እርከን ጋር እንደሚዛመድ የሚያሳይ ገጽ አስቀድመው አዘጋጅተው በኃላፊዎች ያስፈርሙ። ያለዚያ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ማዕረግ ሥልጣን ሳይጨምር ለብዙ ሰው ታድሎ ቁጥሩ ብቻ ሊያድግ ይችላል። ይህን ለማጣራት በማዕረጉ ፊት ሁለት ዓምዶች ይጨምሩ፦ በሥሯ ስንት ሰው ይሠራል? ያለ ሌላ ሰው ፊርማ እስከ ምን ያህል ገንዘብ ማጽደቅ ትችላለች የሚለውም በዶላር ይሞላ።